የግራር ሜዳ እንግጫ

በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሰማዩ ሜዳችንን ይቆጥራል። አንዲት ነጭ ነጥብ ከጣና በኩል ድምፅ ሳታሰማ ትመጣለች። ግራር ሜዳ ላይ ሁለት ደቂቃ ትቆምና ትሄዳለች። ከዚያ የእጄ አምባር ይናገራል።

«ሰርዶ ሰማንያ ሦስት በመቶ። እንግጫ አሥራ ሰባት በመቶ። መልካም ቀን ይሁንልዎ፣ ወይዘሮ ጥሩአየር።»

የመሥሪያ ቤቱ ስም ቁጥጥር ነው። እኛ ግን ሰማዩ እንለዋለን፤ ሌላ ፊት አላየንበትማ። የሚያውቀው የሣር ዓይነት ብቻ ነው። ሜዳው ላይ ሰው ቢቆም፣ በሬ ቢተኛ፣ ልብስ ቢሰጣ «ሌላ ነገር» ብሎ ያልፈዋል። ሰው ቆጥሮ አያውቅም።

እኔ የግራር ሜዳ ጠባቂ ነኝ፤ ዘንድሮ በ2110 በጥበቃው ሥራ ሃያ ስድስት ዓመት ሞላኝ። ሰርዶውን አጠጣለሁ፣ አጭዳለሁ፣ የተቃጠለውን እየነቀስኩ እተካለሁ። በዚህ ሙቀት ጥሩአየር ተብዬ መጠራቴ ሰፈሩን ሲያስቅ ይኖራል። ይሳቁ፤ በሚያዝያ ሁሉም እኔ ዘንድ ነው የሚመጣው።

በሚያዝያ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ሥራ የለም። ሱቅ ይዘጋል፣ መኪና ይቆማል፣ ሰው ምንጣፉን ተሸክሞ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ቤት ውስጥ አርባ አንድ ዲግሪ ሲሆን ከግራሮቹ ሥር፣ ሰርዶው ላይ፣ ሠላሳ ሁለት ነው። አንዱ ያንኮራፋል፣ አንዷ ከጎረቤቷ ትጣላለች፣ ሽማግሌዎች ጋብቻ ይዋዋላሉ። ልጆቻችን ሕይወት ማለት ይህ ይመስላቸዋል። እኔም ሌላውን ከረሳሁት ቆየሁ።

ሕጉ አጭር ነው። መስከረም አንድ ቀን ጠዋት እንግጫው ከአምስት በመቶ በላይ የሆነ ሜዳ ውሃ አይሰጠውም፤ ይጠረግና የፕላስቲክ ሣር ይለብሳል። ማዶ ሰፈር ከሦስት ዓመት በፊት ለበሰ። ፕላስቲኩ አረንጓዴ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ከእኛ ሰርዶ ይልቅ ያምራል። በባዶ እግሩ የረገጠው ግን ይጮሃል። ባለፈው ሚያዝያ ማዶ ሰፈር በአንድ ሳምንት ሰባት አዛውንት ቀበሩ። የሰማዩ መዝገብ ላይ ሜዳቸው «መቶ በመቶ አረንጓዴ» ነው።

ማስጠንቀቂያው ለእኛ የደረሰው በግንቦት ነው። ባለቤቴ ስማቸው ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ አነበብኩለት። ስማቸው ሠላሳ ዓመት ጣና ላይ ዓሣ ያጠመደ ሰው ነው። አሁን ልቡ ደክሟል። ሐኪሟ ያዘዘችለት ነገር ቢኖር በሙቀት ሰዓት ከሰርዶው እንዳይነሣ ነው።

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» አለ እየሳቀ። «እኔ እንኳ እንደሷ ክፉ አይደለሁም። ብሞትም ይብቀል።»

«ዝም በል! ሞት ሞት አትበልብኝ።»

እሱ ሳቀ፤ እኔ ግን ፈራሁ። መጪውን ሚያዝያ ያለዚህ ሜዳ እንደማያልፈው ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

እንግጫን ለማያውቅ ሰው ልንገር። ሩቅ ሆነህ ስታየው ሣር ነው፤ እንዲያውም ከሰርዶ ይልቅ ይለመልማል። ግንዱን በሁለት ጣትህ ይዘህ አሽከርክረው፤ የሰርዶ ይንከባለላል፣ የእንግጫ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ይይዝሃል። ጉዱ ያለው ከመሬት በታች ነው። እንደ ጥቁር ዶቃ ያለ ፍሬ በክር በተሰካ ሥር ላይ ይደረድራል። እናትየዋ በሕይወት እስካለች ዶቃዎቹ ይተኛሉ። እሷን ነቅለህ ክሩን ከበጠስከው ግን የተኛው ሁሉ ይነቃል።

የቁጥጥር ረጪ ማሽን በዓመት ሁለት ጊዜ እየመጣች አንድ ዓይነት ሰማያዊ መድኃኒት ስትረጭበት አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት። መጀመሪያ ሰሞን እውነትም ገደለው። ከተረጨበት መሐል የቻሉት ጥቂቶቹ ተረፉና ወለዱ። አሁን ሜዳውን የያዘው የነዚያ ዘር ነው፤ ሰማያዊውን መድኃኒት እንደ ዝናብ ነው የሚጠጣው።

ይህን ሁሉ ለዕድሩ ዳኛ ለጋሽ አለምነው ነገርኳቸው። ጋሽ አለምነው ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ጆሮ የለውም።

«ጥሩአየር ልጄ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» አሉኝ። «ደቦ እንጠራለን። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ይነቅለዋል።»

«ጋሼ፣ እንግጫ በመንቀል አይጠፋም። ይብስበታል።»

«እናቶቻችን በየዓመቱ ለዘመን መለወጫ ሲነቅሉት አልኖሩም? ምን ጎዳቸው?»

እነሱ የሚነቅሉት በጫካው ዳር፣ ለጉንጉን የሚሆን አንዳንድ እፍኝ ነው ማለት ነበረብኝ። አልኩም። ግን ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፤ ሰው ሁሉ እጅጌውን ጠቅልሎ እያየ ማን ይሰማል? ደግሞስ ደቦ የቀረች ሴት ነገ ለቅሶዋ ላይ ማን ይቆምላታል? ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን እኔም ወጣሁ። አጎንብሼ ነቀልኩ። እያወቅኩ ነቀልኩ፤ ይኸው እናገራለሁ።

ሁለት መቶ ሃምሳ ሰው አንድ ቀን ሙሉ ነቀለ። የውብዳር የምትባል የጋሽ አለምነው ልጅ፣ በየዓመቱ የእንግጫ ነቀላውን ዘፈን የምታወጣው፣ እዚያም አወጣች። ሰፈሩ ተቀበለ። እኔም ወገቤ እያመመኝ ተቀበልኩ፤ ደስ ይላል፣ ምን ዋጋ አለው። በማግሥቱ ሰማዩ «እንግጫ ሁለት በመቶ» አለ። በግ ታረደ። ጋሽ አለምነው በሩቁ በዓይናቸው ጠቀሱኝ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐምሌ ሦስት ቀን ጠዋት፣ አምባሬ በዚያው በተለመደው ትሕትና «እንግጫ ሠላሳ አንድ በመቶ» አለኝ።

ሰው ሜዳው ዳር ተሰበሰበ። ክሩ ተበጥሶ የተኛው ዶቃ ሁሉ በአንድ ቀን ነቅቷል። ጋሽ አለምነው ባርኔጣቸውን አውልቀው «አጠፋሁ» አሉ፤ በሕይወታቸው እንዲህ ሲሉ የሰማ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ተንበርክኬ ቅጠሉን እያየሁ ነበር። ሁሉም አንድ ዕድሜ ነው። ሁሉም አራት አራት ቅጠል፣ እንደ አንድ ቀን ልጅ። ጠባቂ በሆንኩበት ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ግማሹ ተኝቶ ግማሹ ነው የሚበቅለው፤ መድኃኒት ብትረጭም የተኛው ይተርፋል። አሁን የተኛ የለም። የነቃ ደግሞ የተረጨበትን ይጠጣል።

አንድ የምርምር ጣቢያ ለእንግጫ ብቻ የተቀመመ፣ ሰርዶን የማይነካ ሌላ ፀረ አረም እንዳለው አውቅ ነበር። በዚያው ቀን አምባሬን አፌ ላይ አስጠግቼ ሰማዩን ጠየቅኩ።

«የተመዘገበው መድኃኒት ሰማያዊው ነው» አለኝ።

«ሰማያዊው አይሠራም።»

«ርጭቱ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በጊዜው ተከናውኗል።»

«ርጭቱማ ተከናውኗል፤ እንግጫው ነው ያልሰማው!»

 ከዚያ «ጠባቂዋ በራሷ ኃላፊነት፣ በእጅ፣ ሁለት ጊዜ እንድትረጭ ተፈቅዷል። ውጤቱ መስከረም አንድ ይቆጠራል። መልካም ቀን ይሁንልዎ» አለ።

መድኃኒቱ ሐምሌ አሥር ደረሰ። ሰፈሩን ሰብስቤ ሕጉን ተናገርኩ፤ አሁን ቀስ ብዬ አልተናገርኩም። ማጨድ የለም። መንቀል የለም። አንድ ቅጠል እንኳ! ቅጠሉ አፉ ነው፤ በአፉ ጠጥቶ ወደ ዶቃው ካላወረደው መድኃኒቱ ከንቱ ነው።

«ታዲያ እያየነው ይደግ?» አለች የውብዳር።

«ይደግ።»

«እትዬ፣ እርስዎ ጠላት ቀልበው ነው የሚገድሉት?»

«አዎ፣ የኔ ልጅ። አጥግቤ።»

ሳቁ፤ ግን አላመኑም።

የቀረው ዝናቡ ነበር። ከረጨሁ በኋላ ለአራት ሰዓታት ሳይዘንብ መቆየት አለበት፤ አለዚያ ታጥቦ ይሄዳል። የሰማዩ ትንበያ በየቀኑ ዝናብ ነው የሚለው፤ ላለመሳሳት ይመስለኛል። ሐምሌ አሥራ አራት ቀን ማለዳ ስማቸው በር ላይ ቆሞ አፍንጫውን ወደ ጣና አዞረ።

«ነፋሱ ከደሴቶቹ በኩል ነው። እስከ ስምንት ሰዓት አትዘንብም፤ ውጪ።»

«ሰማዩ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘንባል ብሏል።»

«ሰማዩ ታንኳ ላይ አድሮ ያውቃል?»

የጀርባ መርጫውን ተሸከምኩ። የእንግጫ ቅጠል ሰም የተቀባ ይመስል ውሃ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ላይ ማጣበቂያ ሳሙና ጨመርኩ። ግማሽ ሄክታር ነው። ከመስመር መስመር ሳልዘል፣ ሳልደርብ፣ በአንድ እርምጃ እየለካሁ ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ ደመናው ጠቆረ። አራት ሰዓት ላይ ረጭቼ ጨረስኩ። ስድስት ሆነ። ዝናቡ የወረደው ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ስማቸው ስለ አሥራ አምስት ደቂቃዋ ይቅርታ ጠየቀ።

ከዚያ ምንም አልሆነም። አንድ ሳምንት ሄደ፤ እንግጫው ለመለመ። ሁለተኛው ሳምንት ሄደ፤ ሰማዩ «ሠላሳ አራት በመቶ» አለ። ይህ መድኃኒት አይቸኩልም፤ መጀመሪያ ማደጉን ያስቆመዋል፣ ከዚያ ከውስጥ ያደክመዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያልኩ ሰውን አጽናናሁ። እኔን የሚያጽናና አልነበረም። አንድ ቀን ሜዳው ዳር ተደብቃ የምትነቅል ሴትዮ ያዝኩና በዶማ እጀታ ላባርራት ምንም አልቀረኝ፤ «እጄ አላርፍ ብሎኝ ነው» ብላ አለቀሰች። ገባኝ። የኔም እጅ ያሳክከኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ጫፉ ቢጫ ሆነ። ከዚያ ቡናማ። ቆፍሬ ዶቃ አወጣሁና በጥርሴ ሰበርኩት፤ ውስጡ ነጭ መሆኑ ቀርቶ እንደ ትምባሆ ጠቁሯል። እዚያው ሜዳው መሐል ብቻዬን እልል አልኩ። ነሐሴ ሃያ ስድስት ላይ ለተረፉት ሁለተኛውን ረጨሁ። በዚያ ቀን ቁጥሩ አሥራ አንድ ነበር። ጳጉሜ ሲገባ ሰባት ሆነ።

ጳጉሜ ሦስት ቀን የውብዳር ቤቴ መጣች። ቆማ ነው የተናገረችው።

«እትዬ፣ ዘንድሮ የእንግጫ ነቀላ የለም ብዬ ለልጃገረዶቹ ነግሬያለሁ። ጫካው ዳርም ዘንድሮ አልበቀለም፤ ያለው ሜዳው ላይ ብቻ ነው። ሜዳው ላይ ደግሞ አንነካም።» የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች። «ከእናቴ እናት ጀምሮ ተቋርጦ አያውቅም። ጳጉሜ አምስት ማታ ምን እንደምንዘፍን እንኳ አላውቅም።»

እጅዋን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኳት። ግድግዳው ሥር ሰባት ግማሽ በርሜል ቆሟል። የደቦው ዕለት ከነቀልኩት ዶቃ ያዝ አድርጌ፣ ታቹ በተደፈነ በርሜል፣ ከሲሚንቶው ላይ አሳድጌ ነበር። ሊያመልጥ አይችልም። እንግጫው ወገቧ ድረስ ደርሷል።

«እርስዎ?» አለች። «እርስዎ እንግጫ ተከሉ?»

«ለማንም እንዳትናገሪ። ጠባቂነቴ ይነሣል።»

አቅፋ ሳመችኝ፤ ጉንጬን በእንባ አራሰችው። ጳጉሜ አምስት አመሻሽ ላይ ልጃገረዶቹ ጓሮዬን ሞልተው ከበርሜል እየነቀሉ ዘፈኑ። እስከ ጨለማ ድረስ ጎነጎኑ። ስማቸው በር ላይ ተቀምጦ ሲያጨበጭብ አየሁትና ከስንት ወር በኋላ ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

መልቀቁ ነው የጎዳኝ።

መስከረም አንድ ማለዳ ሰፈሩን ሁሉ ወደ ሜዳው የጠራሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩን አብረን እንስማ አልኩ። ሰው ነጠላና ጋቢውን ለብሶ መጣ፤ ሁሉም ራስ ላይ ልጃገረዶቹ ያሰሩለት የእንግጫ ጉንጉን አለ። ስማቸው ጉንጉኑን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ምንጣፉ ላይ ተጋድሟል። ነጥቧ ከጣና በኩል መጣች። ሁለት ደቂቃ ቆመች።

«ሰርዶ ዘጠና አራት ነጥብ ዘጠኝ። እንግጫ አምስት ነጥብ አንድ። ሜዳው ከገደቡ አልፏል።»

 አምስት ነጥብ አንድ! ትናንት አራት ነጥብ ዘጠኝ ነበር፤ ሌሊቱን ሊበቅል አይችልም። ዞር ብዬ ሕዝቡን አየሁ። አረንጓዴ ራስ፣ አረንጓዴ ራስ፣ አረንጓዴ ራስ። ኧረ ወየው ጉዴ! ሰማዩ ሰው አያውቅም፤ የሚያውቀው እንግጫ ነው፣ እንግጫ ደግሞ አየ። ያመጣሁበት እኔ፣ የተከልኩት እኔ፣ የጠራሁት እኔ።

«ስህተት ነው!» ብዬ አምባሬ ላይ ጮህኩ። «የምታየው ሜዳው ላይ የበቀለ አይደለም! ከሌላ ቦታ የመጣ ነው!»

«አንድ ድጋሚ ቆጠራ ይፈቀዳል» አለ በዚያው ድምፅ። «በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይጀመራል። የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ቆጠራው ይሰረዛል።»

አንድ ደቂቃ። ሁለት መቶ ሃምሳ ሰው፣ ግማሹ አዛውንት፣ በአንድ ደቂቃ ከሜዳው አይወጣም። ስማቸው ለመነሣት ሞከረና ክርኑ ከዳው። ጉንጉኑ መሬት ላይ ቢጣልም እዚያው ይቆጠራል። እኔ አንድም መላ አልመጣልኝም።

«ነጠላችሁን!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የውብዳር ነበረች። ነቀላ ላይ ዘፈን በምታወጣበት በዚያ ድምፅዋ። «ራሳችሁን ሸፍኑ! ነጠላችሁን፣ ጋቢያችሁን! ሸፍናችሁ ተቀመጡ፣ አትነቃነቁ!»

ሰፈሩ የእሷን ድምፅ መቀበል ልማዱ ነው። ነጠላው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ላይ ተነሣ። ጋሽ አለምነው ጋቢያቸውን ለሁለት ጎረቤት አካፍለው ተከናነቡ። እኔ ስማቸው ላይ ወደቅኩና ሁለታችንንም በአንድ ነጠላ ሸፈንኩ። ልቡ ጆሮዬ ሥር ይመታል፤ ደካማ፣ ግን ይመታል። ሰርዶው ጤዛ ነበረው። ቀዝቃዛ።

«ከበድሽኝ» አለ በሹክሹክታ።

«አትንቀሳቀስ፣ አንተ ሰው።»

ሁለት ደቂቃ እንዲህ ይረዝማል ብዬ አስቤ አላውቅም። አንድ ሕፃን አነጠሰ፤ እናቱ ወደ ደረቷ ስትጨምቀው ተሰማኝ። ከዚያ አምባሬ ተናገረ።

«ሰርዶ ዘጠና አምስት ነጥብ ሁለት። እንግጫ አራት ነጥብ ስምንት። ሜዳው ይቀጥላል። የሚቀጥለው ዓመት ውሃ ተፈቅዷል።»

የተነሣውን እልልታ ማዶ ሰፈር ሰምቷል ይላሉ። የውብዳርን ሰው ከመሬት አንሥቶ ተሸከማት። ጋሽ አለምነው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ለማዶ ሰፈር በሚያዝያ ሜዳችን ላይ የምንጣፍ ቦታ እንዲሰጣቸው እዚያው ተወሰነ፤ ለእነሱ ሰርዶ ለመመለስ ደግሞ ቁጥጥርን የሚሞግት ኮሚቴ ተመረጠ፣ እኔ ሳልጠየቅ ሰብሳቢ ሆንኩ። መድኃኒቱን በየሁለት ዓመቱ እንቀያይራለን፤ አንዱን ለምዶ እንዳይስቅብን። በርሜሎቹም ይቆያሉ። ሰባት ነበሩ፣ አሥር እናደርጋቸዋለን፤ ቁልፉ የውብዳር ዘንድ ይሆናል።

እልልታው ጋብ ሲል አምባሬ ገና እንዳልጨረሰ አስተዋልኩ።

«ተጨማሪ ማስታወሻ» አለ። «በሜዳው ላይ ሁለት መቶ አርባ ስድስት ነጭ ነገር ታይቷል። ዓይነቱ አልታወቀም። ጠባቂዋ ለመዝገብ እንድታስረዳ ትጠየቃለች።»

ስማቸው ከነጠላው ሥር ራሱን አወጣ። ጉንጉኑ ተጣሞ አንድ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ንገሪው እንጂ» አለኝ።

አምባሬን ወደ አፌ አስጠጋሁት።

«ሰው ነው» አልኩ። «ሰው ብለህ መዝግብ።»